አልጠፋ ያለችው ነጥብ

(ዌሊንግተን፣ ሚራማር ሰፈር። የፊልም ምስል የሚዘጋጅበት ጨለም ያለ ክፍል። ተዋናይዋ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆማ ትቀረጻለች፤ ዋሪክና ሴሚሲ ደግሞ ከሌላ ቦታ የተቀረጸ ባሕርና ሰማይ አምጥተው ገደል አፋፍ ላይ ያቆሟታል። እንጀራቸው ይኸው ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ሴሚሲ መጋረጃውን በአንድ ጫፍ ይስባል፣ ዋሪክ በሌላው።)

ዋሪክ፦ ልቀቅ ብዬሃለሁ! ብርሃን ከገባ ቀለሙ አይታየኝም!

ሴሚሲ፦ አንተው አይደለህ እንዴ «ዓይንህን ለማሳረፍ ሩቅ ሩቁን እይ» ያልከኝ?

ዋሪክ፦ ለዚህ ብዬ የባሕር ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጥፌልህ የለ?

ሴሚሲ፦ ፎቶው እኮ አፍንጫዬ ሥር ነው።

ዋሪክ፦ ፎቶው ቅርብ ቢሆንም ባሕሩ ሩቅ ነው። አንተ ነገር ቶሎ አይገባህም። ሰኞ «ሳይዝሉ መሥራት» ብዬ ለሠራተኛው ሁሉ ንግግር አደርጋለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥ።

(የዋሪክ ስልክ ይጮኻል።)

ሴሚሲ፦ ማነው?

ዋሪክ፦ የዕረፍት ደወሌ ነው። (ያጠፋዋል) ሥራ እያስፈታ አደከመኝ እኮ!

ሴሚሲ፦ ታዲያ ለምን አታርፍም?

ዋሪክ፦ በምን ጊዜዬ? ልጄ ብሪዲ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከደኒደን ከተማ ትገባለች። ባለፈው ስትመጣ ሥራ ይዞኝ ብቻዋን በታክሲ ገባች። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። አሁን «አባዬ፣ ቆመህ ካልጠበቅከኝ ሁለተኛ አልመጣም» ብላኛለች። ነፋሱ አውሮፕላኑን ቢያዘገይልኝ ብዬ ነበር። ዓመት ሙሉ ጣሪያ ሲነቅል ከርሞ ዛሬ ጸጥ አለ!

ሴሚሲ፦ የአውሮፕላን ማረፊያው እኮ እዚሁ ጓሯችን ነው። ተነስና ሂዳ።

ዋሪክ፦ አለቃችን ሮዌና ሥራውን ሳትቀበለኝ? ዛሬ ካልጨረስኩ ቅዳሜና እሑድም እዚሁ ነኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ከዚች ነጥብ ጋር ስተናነቅ! ና እያት፣ ሰማዩ ላይ።

ሴሚሲ፦ (ጎንበስ ብሎ) አየኋት። ጥቁር ናት።

ዋሪክ፦ በነጭ እቀባታለሁ፣ አትጠፋም። ነጩን እጨምራለሁ፣ ይብስባታል። ምስሉን ሳጎላው እሷ አትጎላም። ሰማዩ ይንቀሳቀሳል፣ እሷ ንቅንቅ የለም! እንዲህ ያለ ግትር ነገር ከተወለድኩ አላየሁም።

ሴሚሲ፦ ሮዌናስ ምን አለች?

ዋሪክ፦ በላክሁላት ቁጥር «ሰማዩ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው?» ትለኛለች። አየህ፣ እሷም አይታታለች።

ሴሚሲ፦ «ጥቁር ነጥብ» አለች?

ዋሪክ፦ ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ይልቅ የአንተ ሥራ የት ደረሰ? በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ የዓሣ መንጠቆህን አንጠልጥለህ ወደ ባሕሩ መብረር ነው!

ሴሚሲ፦ ማክሰኞ ተቀበለችኝ።

ዋሪክ፦ ምን? ለምን አልነገርከኝም?

ሴሚሲ፦ «ዝምታ ግማሽ ዕረፍት ነው» ብለህ አፌን አስዘጋኸኝ። እስቲ ምስሉን ዝጋው።

ዋሪክ፦ ከዚያስ?

ሴሚሲ፦ እኔ እንጃ። ዝም ብለህ ዝጋው።

(ዋሪክ ይዘጋዋል። ኢሜይሉ ብቻ ይታያል።)

ዋሪክ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ጉዴ ፈላ! ኢሜይሌ ውስጥ ገባች! ቫይረስ ናት! ሴሚሲ፣ ሳትዛመትብህ ኮምፒውተርህን አጥፋ!

(ሴሚሲ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የዋሪክን ኮምፒውተር መስታወት ፈተግ ያደርገዋል። ነጥቧ የለችም። ጣቱን ያሸታል።)

ሴሚሲ፦ ቸኮሌት ነው። ከብስኩትህ የተፈናጠረ።

(ዋሪክ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብስኩት ያያል።)

ዋሪክ፦ ታዲያ... ሮዌና ያየችው ምኑን ነው?

ሴሚሲ፦ ክፈተውና እንየው። ይኸ ሰማዩ መሐል ያለው ነጭ ምንድን ነው?

ዋሪክ፦ ደመና ነዋ።

ሴሚሲ፦ እንዲህ ያለ ደመና የት አለ? አንተው የቀባኸው ነው። እርጎ የተደፋበት ይመስላል።

ዋሪክ፦ ወይኔ!

ሴሚሲ፦ ሳትቀባው በፊት የነበረው አለህ?

ዋሪክ፦ የመጀመሪያው? አለ፤ ግን በአንድ ቀን የሠራሁት ነው። ነጥቧ እያለች እንዴት ብዬ ልላከው ብዬ ማንም አላየውም።

ሴሚሲ፦ ላከው።

(ይልከዋል። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይጮኻል።)

ዋሪክ፦ ሮዌና? ... እህ... ተቀበልሽው? ... አዎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፍቼበታለሁ። ... አመሰግናለሁ። (ስልኩን ዘግቶ) «ልፋትህ ያስታውቃል» አለችኝ።

ሴሚሲ፦ በል ተነስ፣ ልጅህ ደረሰች።

(መጋረጃውን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል።)

ዋሪክ፦ (ዓይኑን በክንዱ ጋርዶ) አጥፋው! አጥፋው!

ሴሚሲ፦ ፀሐይ ናት እኮ። ማጥፊያ የላትም።

(ዋሪክ ቀስ እያለ ክንዱን ያወርዳል። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ሰማዩን ያያል። ክው ይላል።)

ዋሪክ፦ ሴሚሲ! እዚህም አለች! ግድ የለም፣ አሁን መድኃኒቷን አውቄዋለሁ። (አውራ ጣቱን ልሶ የመስኮቱን መስታወት ይፈትጋል) እምቢ አለች! ጭራሽ እየጎላች መጣች!

ሴሚሲ፦ (ጃኬቱን እያቀበለው) እሷንስ አትፈትጋት ወንድሜ። ልጅህ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ናት።