የእትዬ ጣውላ ወለል

ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ቤቱን ትቶ ወለሉን የሚያከራይ አከራይ ሳያጋጥመው አይቀርም። ጣሪያው ቢያፈስ «እሱማ ዝናብ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ቧንቧው ቢደርቅ «ይመጣል» ይላል። ወለሉ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ግን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች።

ለእኛ የደረሱን ክብርት እትዬ ጣውላ ነበሩ። «ጣውላ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ብቻ ነው የምንላቸው። እሳቸው ብቻቸውን ታች ይኖራሉ፣ እኛ ላይ። ቤቱን ልናይ በሄድን ቀን ማድቤቱን እንኳ ሳያሳዩን፣ ጫማችንን አስወልቀው ከወለሉ ጋር አስተዋወቁን።

«ይቺ ጭረት የነርሷ አልጋ ናት። ይሄ ጎድጎድ ያለው የመምህሩ ወንበር፤ ፈተና ሲያርም ወደ ኋላ መደገፍ ይወድ ነበር። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ መቀስ ነው፤ ሦስቴ ጣለችው፣ እጇ አያርፍም።»

ክስ የሚነበብልኝ መሰለኝ። «ሰዎቹስ የት ደረሱ?» አልኩ።

«ሄዱ» አሉ ባጭሩ።

ተባረሩ ማለታቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ አራት ወር ሙሉ ቤት ፍለጋ እግራችን ቀጥኗል። ከዚህ ቤት ከተባረርን መውደቂያ የለንም። «እንጠነቀቃለን እትዬ» ብለን ገባን።

ጥንቃቄውን እኔ ልንገራችሁ! የወንበሮቻችን እግር በሙሉ ካልሲ ለበሰ። ካልሲው የእኔ ነበር፤ እኔ በባዶ እግሬ ቀረሁ። አክስቴ ከዘራቸውን ይዘው ሊጠይቁን ቢመጡ፣ እትዬ ደረጃው ላይ ተቀብለው ከጫፉ ላስቲክ ሰክተው አሳለፏቸው። ወፍራሙ አማቼ ሲመጣማ ከላይ እስከ ታች አይተውት «እሱ ብዙ ይቆያል?» አሉ። አንድ ነገር ጎተት ካደረግን ከታች ድምፃቸው ይመጣል፦ «ቀስ! ነፍስ አለው እኮ!»

በሦስተኛው ሳምንት ጉድ ፈላ። አዲስ ሥራ የምጀምርበት ጠዋት፣ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ሸሚዜን ስተኩስ ስልክ ጠራ። ካውያውን የት እንዳሳረፍኩት ያወቅኩት ሽታው ሲመጣ ነው። ሳነሳው ጥቁር የካውያ ቅርጽ፣ ሹል ጫፉ ሳይቀር፣ ወለሉ መሃል ተጋድሟል።

ባለቤቴ ሆዷን ይዛ «አለቀልን!» አለች።

«ዝም በይ፣ ምንጣፍ እንገዛለን።»

ገዛን። ከዚያች ቀን ጀምሮ አራት ዓመት በዚያች ቀይ ምንጣፍ ዙሪያ ኖርን። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ የወለል ሰማቸውንና ጨርቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ተንበርክከው ወለሉን ሲቀቡ እኔና ባለቤቴ ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን። ምንጣፉ ጫፍ ሲደርሱ «እዚያ እኛ እንቀባዋለን፣ እትዬ» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ፣ ዞረውት ያልፋሉ። ልጃችን እዚያ ተወለደ፣ እዚያ ዳኸ፣ እዚያ ቆመ። ስንለቅ እንኳ ለመናዘዝ ወኔ አጣሁ። ምንጣፉን «ለማስታወሻ» ብዬ እዚያው ትቼላቸው ሄድኩ። የሌባ ስጦታ!

ከስምንት ዓመት በኋላ የእህቴ ልጅ ሥራ ይዛ ቤት ስትፈልግ «አጎቴ፣ አንድ ቤት አግኝቻለሁ፣ አብረኸኝ እይልኝ» አለችኝ። መንገዱን ሳየው አወቅኩት። በሩን የከፈቱት እትዬ ጣውላ ናቸው፤ ፀጉራቸው ነጥቷል፣ መነጽር ጨምረዋል። ያወቁኝ አልመሰለኝም። ጫማችንን አስወልቀው ወደ ላይ ወሰዱን።

ምንጣፉ የለም። የካውያው ቅርጽ መሃል ላይ ሰም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጆሮዬ ጋለ።

«ይቺ የነርሷ አልጋ ናት» ብለው ጀመሩ ለእህቴ ልጅ። መምህሩን አለፉ፣ ልብስ ሰፊዋን አለፉ። «ይሄ ደግሞ ካውያ ነው። አራት ዓመት ምንጣፍ አልብሶ ደበቀኝ፣ ሞኝ!»

«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

«ሰው ምንጣፍ ገዝቶ ዙሪያውን ሲሄድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ባልና ሚስቱ እንደ ጉድጓድ ነበር የሚዞሩት፤ እኔ ታች ሆኜ እሰማለሁ። ልጃቸው ብቻ ነው በላዩ የሚሄደው። መጀመሪያ የቆመውም እዚያ ላይ ነው፤ ቆሞ ዱብ ሲል ሰምቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።»

የእህቴ ልጅ ሳቀች። «ለምን አያስፍቁትም?»

«አንድ ባለሙያ መጥቶ 'ልፋቀውና እንደ አዲስ ይሁን' አለኝ። 'ሰዎቼን ልትፍቅብኝ ነው?' ብዬ አባረርኩት።»

እስከማውቀው ድረስ እትዬ ከዚያ ቤት ያባረሩት ሰው እሱ ብቻ ነው። የሄዱት ሁሉ ዝም ብለው ሄደዋል፤ እንደ እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ተመልሰው ሳይጠይቋቸው። አፈርኩ። ደግሞም ናፍቀውኝ ነበር፤ ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ ከታች የሚቆጣኝ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት።

ፊቴን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እግሬ ልማዱን አልረሳም፤ ካውያውን ዞሬ አለፍኩት።

«አሁንስ ርገጠው እንጂ፣ ልጄ!» አሉ እትዬ ከኋላዬ። «ደሞ ያንን ልጅ ለምን ይዘኸው አልመጣህም?»