ነቀዝ አበድሩኝ

[ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ በዳኘው ጓሮ ያለች ጎጆ። ሁለት ጋን ስንዴ ተቀምጧል። በአንዱ የተፈጨ ጥቁር ሰናፍጭ ተደባልቆበታል፤ ሌላው ስንዴ ብቻ ነው። መቅደስ የምትባል ተመራማሪ፣ ሰናፍጭ ነቀዝ ያባርር እንደሆን ልታይ ያስቀመጠችው ነው። ዳኘው የጋኖቹ ጠባቂ ከሆነ ወዲህ ቤት ውስጥም ኮቱን አያወልቅም። ትናንት ማኅበር ሲውል ጥበቃውን ለሚስቱ ለዘርፌ ወንድም ለጥላዬ ትቶለት ነበር።]

ዳኘው፦ አስነጥሰሃል!

ጥላዬ፦ አላስነጠስሁም።

ዳኘው፦ ጢምህ ላይ ያለውስ?

ጥላዬ፦ ይሄማ እርጎ ነው።

ዳኘው፦ ጥናት ፊት አይነጠስም! ጥቁር ሰናፍጭ የዋዛ መሰለህ? ጉንፋን ያስወጣል፣ ቁርጥማት ይነቅላል፣ ነቀዝ ያሳድዳል!

ጥላዬ፦ እኔ የማውቀው የጾም ማባያ ሆኖ ሲያስለቅሰኝ ነው።

ዳኘው፦ አንተን ምን ያላስለቀሰህ አለ! ዛሬ መቅደስ መጥታ ውጤቱን ስታይ፣ እኔን ባሕር ዳር ወስዳ ስብሰባ ላይ ታስቀምጠኛለች። ዘርፌም አገሩም ሰምቷል።

ጥላዬ፦ ቁጭ ለማለት ባሕር ዳር ድረስ?

ዳኘው፦ ክዳኑን ክፈት! [ሰናፍጭ የሌለበት ጋን ላይ ያጎነብሳል።] ጥላዬ... ነቀዙስ?

ጥላዬ፦ የቱ ነቀዝ?

ዳኘው፦ የኛ ነቀዝ! እዚህ ሲርመሰመስ የነበረው!

ጥላዬ፦ አበጥሬ አወጣሁታ። ፀሐይ ላይም አሰጣሁት። ዶሮዎቹ ቀናቸው! ትናንት እኮ መቅደስ...

ዳኘው፦ መቅደስ መቅደስ አትበለኝ! እንግዳ ትመጣለች ብለህ አጸዳህላት? ጥናት እኮ ነው፣ ሠርግ አይደለም! ይሄኛው መንቀዝ፣ ያኛው መዳን ነበረበት። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ሰናፍጩ ማንን አባረረ ልትል ነው? ጠላት የሌለው ጀግና አድርገህ አስቀረኸው!

ጥላዬ፦ ልንገርህማ፣ እሷ...

ዳኘው፦ ሳትደርስ ሩጥ! ከጎረቤታችን ከዓለምጸሐይ ቤት ነቀዝ ተበደር!

ጥላዬ፦ ካልህ እሺ።

[ጥላዬ ይወጣል። ዳኘው አንድ እንኳ ቢቀር ብሎ ስንዴውን በጣቱ ይቆፍራል። የለም። ጥላዬ ጋቢው አመድና ጭቃ ሆኖ ይመለሳል።]

ዳኘው፦ አመጣህ?

ጥላዬ፦ አመድ አመጣሁ። "ነቀዝ አበድሪኝ" ብላት፣ [በዓለምጸሐይ ድምፅ] "እኔ ቤት? እኔ ቤት ነቀዝ? ልጄ ልትዳር ስትል ስሜን ልታጠፋ!" ብላ የምድጃዋን አመድ ደፋችብኝ።

ዳኘው፦ በዘዴ አይጠየቅም? መርጌታ ወልደ ሩፋኤልስ?

ጥላዬ፦ [በአፍንጫው እያዜመ] "ልጄ፣ ነቀዝ ይሂድልኝ የሚል ነው የማውቀው። ይምጣልኝ ካልህ በሽታ ነው" ብለው ጠበል ረጩኝ። አመዱ ጭቃ የሆነው ያኔ ነው።

ዳኘው፦ ዛሬ አገሩ ሁሉ ነቀዝ አያውቅም!

ጥላዬ፦ ካንተ ጎታ ብንወስድስ?

ዳኘው፦ ከኔ? "የዳኘው ጎታ ነቀዝ አይቶ አያውቅም" ብዬ ትናንት ማኅበር ላይ የማልሁት ሰውዬ?

ጥላዬ፦ እንግዲያ ይቅር።

[ዳኘው ግራ ቀኝ ያያል። መሐላው ባንድ በኩል፣ ባሕር ዳር ባንድ በኩል። ኮቱን አውልቆ ይሮጣል። ሲመለስ ኮቱን እንደ ስልቻ ጠቅልሎታል፤ ኮቱ ይንቀሳቀሳል።]

ጥላዬ፦ ኧረግ! ያንተ ነቀዝስ ደልቶታል! ጥጃ ጥጃ ያካክላል!

ዳኘው፦ ዓይንህን ጨፍን!

ጥላዬ፦ አያ ዳኘው፣ ስንዴው እኮ...

ዳኘው፦ አፍህንም! [ጋኑ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ እስከ ክንዱ ገብቶ ያማስለዋል።] ግቡ የኔ አንበሶች! እንዲህ ነው ጥናት!

[ስልኩ ይጮኻል።]

ዳኘው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] አቤት ዶክተር መቅደስ! እየጠበቅንዎ ነው፤ ነቀዙም ደኅና ነው... ምን? ትናንት? መጥተው ቆጥረው፣ ፎቶም አንስተው? ሰናፍጩ ሠራ? እሰይ! ባሕር ዳርም... [ድምፁ ይሰልላል] ማንን? ሲቆጥሩ ወንፊቱን የያዘልዎትን? እሺ። እነግረዋለሁ።

[ስልኩን ዘግቶ ጥላዬን እንደ አዲስ ሰው ያየዋል።]

ዳኘው፦ አንተ! ትናንት መጥታ ነበር?

ጥላዬ፦ ልነግርህ ስል "መቅደስ አትበለኝ" አልኸኝ። አበጥረው ያለችኝስ ማን ሆነችና?

ዳኘው፦ እና ይሄ ስንዴ?

ጥላዬ፦ ጥናቱ አልቋል፤ ለጠባቂው ይሁን ብላ ላንተ ሰጠችህ። ሰናፍጭ ያለበትን ደግሞ ለኔ።

[ከውጭ የዘርፌ ድምፅ፦ "ስንዴው የታል? ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ!"]

ዳኘው፦ ወየው! ምን ልበላት?

ጥላዬ፦ [የራሱን ጋን ተሸክሞ፣ እያስነጠሰ ይወጣል።] አገሩን ሁሉ አስለምኜ ያጣሁትን እኛ ቤት ሞልቶ አገኘሁት በላት።