የዓይን ወረቀት

ሰውነታችንን እንደ መሥሪያ ቤት በክፍል በክፍል የሸነሸነልን ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ እጣላው ነበር። ዓይን የራሱ መስኮት አለው፤ ልብም የራሱ። አንዱ በሌላው ጉዳይ አይገባም። ይህን መመሪያ ያልሰማው ደም ብቻ ነው። እሱ ሁሉም ዘንድ ይገባል።

ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ቶማ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማል። የደረሰውን ካልደረሰው መለየት ቸገረኝ ሲለኝ፣ መነጽር ይታዘዝለታል ብዬ ዓርብ ዕለት ዓይን ምርመራ ወሰድኩት። መርማሪዋ ልጅ እግር ናት። ጠብታ ጨምራ፣ የዓይኑን ጀርባ፣ ሬቲና የሚሉትን ስስ ገበር፣ በብርሃን ስታይ ቆየች። ከዚያ የመነጽሩን ነገር ትታ ስለ ደም ግፊት ጠየቀችው። ተለክቶ አያውቅም። ምን አሞት!

«አባቴ፣ ሰውነት ሳይቀደድ የደም ሥር ፊት ለፊት የሚታየው እዚህ ነው። የእርስዎ ሥሮች ጠበዋል፤ የፈሰሰ ደምም አለ። የልብና የአንጎልዎም ሥሮች ያሰጉኛል። ዛሬውኑ ይለኩ፤» አለችና ወረቀት ጻፈችልን።

የሆስፒታሉን ግቢ ተሻግረን ተመላላሽ ክፍል ደረስን። ከዓይን ክፍል ለግፊት ተልከን መጣን ስለው፣ መዝገብ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቱን ገለባበጠና፣ የዓይን ወረቀት የሚታየው ዓይን ክፍል ነው፣ ለግፊት ከሆነ ሰኞ ኑ አለን። የምትለካው ነርስ ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች። ጋሼ ደስ ብሎት ወደ በሩ አመራ። እኔስ? ሃያ ዓመት ክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩት መምህር፣ «እሺ» አልኩ።

እሺ!

ሕመሙ ሰኞን አልጠበቀም። እሑድ ከቸርች ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ግፊቱ ያን ጊዜ ተለካ። ከሞት ተርፏል፤ ስሜን ለመጥራት ግን እስካሁን ይታገላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያን ወረቀት ይዤ ወደ ሰውዬው ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ ሳጠና ነበር፤ ተማሪ ፊት የማይባል ቃልም አለበት። አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት። አላስተባበለም። ወረቀቱን ተቀብሎ አራቀው፣ አቀረበው፣ ዓይኑን አሻሸ።

«ያን ዕለትም ማንበብ አቅቶኝ ነው፣ መምህር፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይደበዝዝብኛል። ራሴንም ያመኛል።»

ግፊቱን ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። እዚሁ እየዋለ፣ አያውቅም።

ክንዱን ይዤ ከወንበሩ አስነሣሁትና ነርሷ ጋ ወሰድኩት። ይቅር ብዬው አይደለም። ክንዱንም ትንሽ ሳላጠብቀው አልቀረሁም።