ስንብቱ ከተበላ በኋላ

ድሬዳዋን የሠራት ባቡሩ ነው ይላሉ። እኔ ግን የሠሯት «ትንሽ ሰንብቼ እሄዳለሁ» ባዮች ናቸው ባይ ነኝ። እስቲ የምታውቁትን የድሬዳዋ ሰው ጠይቁት። አባቱ ከመንዝ የመጣው ለአንድ ዓመት ሥራ ነበር። አረቡ ባለሱቅ ዕቃውን ሸጦ ሊመለስ ነበር። ግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ ሙሴ ያኒ ደግሞ መርከብ እስኪያገኝ ነበር የተቀመጠው። መርከቡ ከነካፒቴኑ አርጅቶ ሳይሞት አይቀርም፤ ሙሴ ያኒ ግን ዳቦውን እየጋገረ ነው። ከነዚህ ሁሉ መካከል «ልሄድ ነው» የማይል የለም፤ ሲሄድ የታየ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው መሄድን እንደ ሰላምታ ይቆጥረዋል። «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት «ደህና፣ ልሄድ ነው» ይላል፤ «በል ነገ እንገናኝ» ተባብለው ይለያያሉ።

ችግር የሚመጣው የመሄዱን ነገር መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ሲያነሣው ነው።

እኔን ደብዳቤ ያገኘኝ በንጉሡ ጊዜ፣ ጣልያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ በባቡር ጣቢያው አጠገብ በአንድ የጭነት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ነው። አዲስ አበባ ተዛውሬ ምክትል ሹም እንድሆን ታስቧል፤ መስማማቴን በአሥር ቀን ውስጥ ላስታውቅ። ማኅተሙ ብቻ መዳፌን ያህላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ ባለማመን፣ በመጨረሻ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ በፍርሃት። ከሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ወጥቼ አላውቅማ! ርቄ ሄድኩ ከተባለ ሐረር ነው፤ እሱንም ዘመድ ልጠይቅ ወጥቼ ማደሩ ጨንቆኝ በማግስቱ በጠዋት ተመልሻለሁ።

ነገር ግን የምወስነው ለራሴ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ በላይነሽ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቃት፣ አባቷ «ልጄን በረሃ ልትወስድብኝ ነው?» ብለው ቢልኩብኝ፣ «ለጥቂት ዓመት ነው እንጂ ይዣት እመለሳለሁ» ብዬ በሽማግሌዎቹ በኩል ቃል ገባሁ። በሽማግሌ ፊት የተነገረን ነገር ሴት ልጅ እንደማትረሳ ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው የለም። ድሬዳዋ በገባች ቀን ከባቡር እንደወረደች ዙሪያዋን ቃኝታ «እሳቱ የተነሣው የት ነው?» አለችኝ። እሳት አልተነሣም፤ ግንቦት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ አማረረች። ሙቀቱን አማረረች፤ አቧራውን አማረረች፤ ከሁሉ በላይ ግን አንቺታውን አማረረች።

እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ደካሞች ነን። ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ብለን እንጨርሳለን፤ አክብሮቱን በልባችን እንይዘዋለን። በላይነሽን በመጀመሪያው ሳምንት «አንቺ፣ ነይ እስቲ!» ብላ በቆርቆሮው አጥር ላይ የጠራቻት ጎረቤታችን አዴ መይሙና ናት። አዴ መይሙና («አዴ» በእኛ አገር እማ እንደማለት ነው) ብርቱካንና ማንጎ የምትነግድ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔን የመቆጣቱን ሥራ የተረከበች ኦሮሞ ባልቴት ናት። በላይነሽ በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም። «ገና ስሜን ሳታውቅ!» እያለች ዋለች።

እንግዲህ ደብዳቤውን አምጥቼ ለዚህች ሴት ሰጠኋት። አነበበችው፤ ቀስ ብላ አጠፈችው፤ ወደ ግቢው እያየች «እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰማ ማለት ነው» አለች። ድምጿ ቀጠን አለብኝ። ደስታ ነው አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ኖሯል? እኔም ከእሷ ላለማነስ «እኔም ስመኘው የኖርኩት ነው» ብዬ ዋሸሁ። በማግስቱ መስማማቴን ጽፌ ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ለአንድ ሰው፣ ያውም «ለማንም እንዳትናገር» ብዬ፣ ለሙሴ ያኒ ነገርኩት፤ ማታ ከዳቦው ጋር ለከተማው ሁሉ አደረሰው። የመጀመሪያው ስንብት በመሥሪያ ቤት ተደረገ። ሁለተኛው በሙሴ ያኒ ግቢ ሆነ፤ ፍየል ታረደ። ሦስተኛውን ጎረቤቶቼ አዘጋጁ፤ አዋጥተውም ለአዲስ አበባ ብርድ የሚሆን ወፍራም ካፖርት ገዙልኝ። እዚያው ካልለበስከው ቢሉኝ ለበስኩት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ካፖርት ውስጥ ቆሜ ንግግር ሳደምጥ፣ ላቤ በጀርባዬ ወርዶ ጫማዬ ገባ፤ ሰዉ ግን ያለቀስኩ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።

ንግግሮቹን ብትሰሙ! ሙሴ ያኒ ተነሥቶ «ታደሰ በሕይወቱ አንድ ውሸት አልተናገረም» አለ። አዴ መይሙና «ቁጣ የሚባል አያውቅም፣ ወላሂ!» ብላ መሰከረች። ሌላው ቀጠሮ አክባሪነቴን አነሣ። ይህ ሰው ማን ይሆን እያልኩ ዘወር ብዬ አየሁ። እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን ኖሮ ሳላውቀው በመቅረቴ አዘንኩ። ሲያመሰግኑኝ ዋሉና፣ ሲነሡ ደግሞ ቁምሳጥኔን አዴ መይሙና፣ ጠረጴዛዬን ሙሴ ያኒ እንዲወስዱ ተስማሙ። ቤቱን ሊከራይ ያሰበ አንድ ጎረቤት መስኮቶቹን በሜትር ለካ። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ።

የምሄድበት ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው ተተኪዬ አቶ ደምሴ ከአዲስ አበባ መጣ። የሱፍ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባቱን እስከ አንገቱ አጥብቆ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ሰዓት ሳይሞላ ቀይ ሆነ። አለቃዬ «አንተ ከእንግዲህ እንግዳ ነህ፣ ቤትህ ሄደህ ዕቃህን እሰር» ብሎ ከምሳ በኋላ አሰናበተኝ።

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፤ ጋሪ ነጂው ጥላ ሥር ጋሪው ላይ ይጋደማል፤ ውሻ እንኳ መጮህ ይታክተዋል። በዚያ ጸጥታ ቤቴ ስገባ በላይነሽ የለችም። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ግን አንዲት ሴት እያለቀሰች በኦሮምኛ ትናገራለች። «አዴ፣ አኒ ህንዴሙ!» ትላለች፤ አልሄድም ማለት ነው። ወይ የሰው ልጅ፣ የማን ልጅ ትሆን፣ የት ልትዳር ይሆን የምታለቅሰው ብዬ አዘንኩላት። ኦሮምኛዋ የሚፈስ ነው። ቀጥላ ተናፈጠች።

ስትናፈጥ አወቅኋት። ስድስት ዓመት የኖርኩት ከዚያ አፍንጫ ጋር ነው።

ያቺ አንቺ ስለተባለች ምሳ የተወች ሴት፣ እኔ ሥራ በዋልኩ ቁጥር አጥሩን ተሻግራ ቋንቋ ተምራለች፤ ለእኔ ሳትነግር።

አዴ መይሙና በአማርኛ መለሰችላት። «ታድያ ለባልሽ አትነግሪውም?»

«እንዴት ልንገረው? ሕልሙ ነው። ስመኘው የኖርኩት ነው ብሎኛል። በኔ ምክንያት ሹመት ይቅርበት?»

«የማን ሕልም? የታደሰ? አቦ ተይኝ! ይሄ ልጅ ሐረር አንድ ቀን አድሮ ዓይኑ አብጦ የመጣ ነው!»

ሳልኩ። ቀጥሎ የበላይነሽ ፊት በቆርቆሮው ላይ ብቅ አለ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሙቀቱን ትጠዪ የለም እንዴ?» አልኳት።

«እጠላዋለሁ።»

«አቧራውንስ?»

«እሱንም።»

«ታድያ?»

«መጥላትና መሄድ ምን አገናኛቸው? አዲስ አበባ ሄጄ ለማን አማርራለሁ? እዚህ ሳማርር የሚሰማኝ ሰው አለ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጃችንንስ ለማን ትቼው ልሂድ?»

የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ በሦስተኛ ወሩ ነው የሞተብን። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ስሙን በመካከላችን አንሥተን አናውቅም። እኔ እሷ እንዳታዝን፣ እሷ እኔ እንዳላዝን። ያን ሰሞን ሱቋን ዘግታ ከበላይነሽ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፋ የሰነበተችው አዴ መይሙና ነበረች። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሆነን፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሁለታችንም አለቀስን። በዚህ መሐል አዴ መይሙና «ይሄን ሁሉ ጊዜ የተጋባችሁት ለመዋሸት ነው?» ብላ በሁለታችንም ላይ ጮኸችብን። እንዲህ ስትጮህብኝ ልቤ ረጋ። አልሄድም። ተወሰነ።

መወሰኑ ቀላል ሆነ። አለመሄዱ ግን ቀላል የሚመስለው ስንብት በልቶ ቀርቶ ለማያውቅ ሰው ነው። በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ አልሄድም አልኩት።

«ስንብትህን በልተህ?» አለኝ።

«በልቼ።»

«ሰው ወደ ላይ ሲጠሩት ወደ ታች ይሮጣል እንዴ? ወንበርህ ላይኮ ሰው ተቀምጧል!» አለና ራሱን ይዞ ቆየ። በመጨረሻ ያገኘልኝ ቦታ በመጋዘኑ ውስጥ፣ ከአቶ ደምሴ ሥር ነው። ወንበሬን የለቀቅኩለት ሰው አዛዤ ሆነ ማለት ነው። አልቆረቆረኝም ብል አታምኑኝም፤ አትመኑኝም። ብዙ ጠዋት ቆርቁሮኛል። ግን ፈረምኩ።

ከተማው የተቆጣውን ያህል አለቃዬ አልተቆጣም። ሙሴ ያኒ «ፍየሉስ?» ብሎ ሱቁ በር ላይ ያዘኝ። ጠረጴዛው የሚቀመጥበትን ጥግ በኖራ ቀብቶ ኖሯል። መስኮቴን የለካው ሰው መጋረጃ አሰፍቶ ነበር፤ ለሳምንት ሰላምታ ነሣኝ። ካፖርቱን ልመልስ ብል የሚቀበለኝ ጠፋ። «በስንብት የተሰጠ አይመለስም፤ ሂድና ልበሰው» አሉኝ። ገበያ ስወጣ «ዋሪያ፣ ባቡሩ አመለጠህ?» የማይለኝ የለም።

በመጨረሻ አዴ መይሙና ሽማግሌ ሆነች። ፍርዷ አጭር ነው፦ የስንብት ግብዣ የበላ ሰው ካልሄደ የመቅረት ግብዣ ያበላል። እንዲህ ያለ ግብዣ በአገራችን ተደርጎ አያውቅም ብል፣ «ስንብቱን በልቶ የቀረም የለም» አለችኝ። ፍየሉን እኔ ገዛሁ፤ በላይነሽና አዴ መይሙና ሁለት ቀን ሠሩ። እሑድ ከቀትር በኋላ ግቢያችን ሞላ። አዲሱ አለቃዬ አቶ ደምሴም ያንኑ የሱፍ ልብሱን ለብሶ መጣ።

ከተበላ በኋላ ሙሴ ያኒ ለንግግር ተነሣ። «ባለፈው ታደሰ አይዋሽም ብዬ ነበር» አለ። «የሚሄድ ሰው ስለሆነ ነው። አሁን ከቀረ እውነቱን ልናገር። ዳማ ስንጫወት ዞር ካልኩ ጠጠሬን ያነሣል። ስይዘው ነፋስ ነው ይላል። በድሬዳዋ ነፋስ የት አለ?» ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አዴ መይሙና ቀጠለች። «ቁጣ አያውቅም ያልኩት ለፈጣሪ ብዬ ነው፤ አህያዬን ሳይቀር ይቆጣል። በዚያ ላይ አህያዬ ልክ ናት።» ቀጠሮ አክባሪ ያለኝ ሰው ለሠርጉ ስንት ሰዓት እንደመጣሁ ተናገረ። በላይነሽም በሩ ላይ ቆማ፣ ሳቋ አላናግራት እያለ፣ ስለ ማንኮራፋቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ አልተረጉምላችሁም። ፊቴ ተቃጠለ፤ ሆዴ ግን ሞላ። ያን ቀን ስሰደብ ደስ ያለኝን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በመጨረሻ አቶ ደምሴ ዝም ማለቱ ነውር መስሎት ተነሣ። ላቡን በመሐረብ ጠርጎ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «አቶ ታደሰ ትሑት፣ ታጋሽ፣ በንግግራቸውም ሆነ በሥራቸው የታመኑ…» ብሎ ጀመረ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አዴ መይሙና ከንፈሯን መጠጠችለት።

«ተዉት አቦ፣» አለች። «ምስኪን፣ ገና እንግዳ ነው።»