ንፍፊት ያወጣው ምስጢር

እንደ ንፍፊት ስሙ በከንቱ የጠፋ ነገር አላውቅም። እግራችንን ሚስማር ይወጋናል፤ ብሽሽታችን ያብጣል፤ እኛም ሚስማሩን ትተን ንፍፊቱን እንራገማለን። እናንተም ተራግማችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱ።

ለካ እዚያ ውስጥ ሴሎቻችን ስብሰባ ላይ ናቸው።

ይህን የነገረችኝ ልጄ ሜሮን ናት። ነርስነት ትማራለች። ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ ማስረዳት ነበረባት፤ ከወደቀች ትምህርቱን ትደግማለች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ስትሸመድድ፣ እኔ ሬዲዮ የምሰማ መስዬ ተቀምጫለሁ።

«አንዱ ሴል ጀርሙን ይውጣል፤ ቁራጩን ይዞ ወደ ንፍፊት ይሄዳል...» አለችና ደብተሯን ወረወረችው። «ከዋጠው በኋላ ቁራጩን ይዞ ምን ያዞረዋል? አልገባኝም አባዬ!»

«ቁራጩን የሚያውቅ እየፈለገ ነው» አልኩ። አመለጠኝ።

«አንተ በምን አወቅክ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታ ላይ ጎበዝ ነኝ። ልጆቼ የሚያውቁት ልጅነቴን ኳስ ስጫወት እንዳሳለፍኩ፣ የእግሬ ጠባሳም ከዚያ እንደመጣ ነው። ግን ሰኞ ደርሷል። ነገርኳት።

ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ ክምር ላይ፣ ለቃሚ ነበርኩ። ነሐስ የሚያውቅ አለ፤ ጫማ የሚያውቅ አለ፤ ፕላስቲክ የሚያውቅ አለ። መኪናው እንግዳ ነገር ሲደፋ አንዱ ቁራጭ አንስቶ «ይቺን የሚያውቅ!» እያለ በየሰዉ ይዞራል። አብዛኛው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ የአንዱ ዓይን ይበራል፤ ያፏጫል፤ መንጠቆና ማዳበሪያ የያዘ ሁሉ ይጎርፋል። ያው ዕቃ ሌላ ቀን ሲመጣ መጠያየቅ የለም፤ ገና ከመኪናው ሳይወርድ አውቀነዋል።

ሜሮን ብድግ አለች። «የሚያፏጨው ሌሎቹን በኬሚካል የሚጠራው ሴል ነው! የሚጎርፉት የሚባዙት ናቸው፤ ንፍፊት የሚያብጠው ለዚህ ነው! ያው ዕቃ ሲመለስ መጠያየቅ የቀረው ደግሞ ክትባት የሚሠራበት መንገድ ነው!» ድንገት የእግሬን ጠባሳ አየችው። «ይሄስ አባዬ?»

«ኳስ ነው» አልኩ። ልማድ።

«ኳሱ ሚስማር ነበረው?»

ሳቅን። እኔ እንኳ ሳቅኩ። «ለሰው እንዳትናገሪ» አልኳት። «እሺ» አለች።

ሰኞ እየዘለለች ቤት ገባች። አልፋለች። መምህሯ «ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?» ቢላት፣ ሙሉ ክፍል ፊት «አባቴ ቆሼ ላይ የተማረው ነው» ብላለች። ሃያ ዓመት የደበቅኩትን!

«እሱስ ምን አለ?»

«ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ‹አባትሽ በላይኛው በኩል ነበር ወይስ በታችኛው?› አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

ቆሼ ላይ ያልዋለ ሰው ስለ ክምሩ ላይና ታች አይጠይቅም።

አሁን መምህሩ እሑድ እሑድ ቤታችን ይመጣል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳ አለው። ስለ ጠባሳው ለልጆቹ ምን ብሎ እንደነገራቸው ጠየቅኩት።

«ኳስ» አለኝ።