ቀልሃ ከርካሚው ጌታነህ

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። መነኩሴው ፍራንክፈርት ቢኖር ኖሮ ግን ቆቡን ለመቅደድ ፌራይን የሚሉት ማኅበር ውስጥ መግባት፣ ለመስፋት ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የእኛን ጡረተኞች ስለማውቃቸው ነው። አንዱ ዞሰንሃይም አጠገብ ጓሮ ተከራይቶ ጎመን ይተክላል፤ ጎመኑ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ደውሎ ያበስራችኋል። ሌላው ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ጦር ያዘምታል፤ እስከ ምሳ ድረስ ሁለት ከተማ ያስለቅቅና ከምሳ በኋላ ይተኛል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ እነዚህን ማማት ነው። አራተኛው ጌታነህ ነው።

ጌታነህ የአርባ ዓመት ወዳጄ ነው። ቦርንሃይም፣ ከበርገር ሽትራሰ ገባ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቱ ከአስካለ ጋር ይኖራል። በተማሪነታችን በዚሁ ከተማ «የትጥቅ ትግል ብቸኛው መንገድ ነው» የሚል ወረቀት አብረን እናባዛ ነበር። ያን ጊዜ ከመካከላችን ጠመንጃ ነክቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የሚተኩሱት ሌሎች ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ቀለሙን መቀባት ነው። ያንን ወረቀት አንብቦ ጫካ የገባ ስንት ልጅ እዚያው እንደቀረ ወሬው ሲነሳ ሁለታችንም ቶሎ ስለ አየሩ ማውራት እንጀምራለን። እንግዲህ ጌታነህ ትጥቁን ያገኘው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። የተኩስ ፌራይን ገባ፣ ኮርስ ወሰደ፣ ተፈተነ፣ ፈቃድ አወጣ፣ አንድ ጠመንጃና ጠመንጃውን የሚቆልፍበት የብረት ካዝና ገዛ። የሚዋጋው ከካርቶን ጋር ነው።

ካርቶኑን እየመታ ቢያርፍ ደግ ነበር። እሱ ግን «ጥይቱንም ራሴ ካልሞላሁ» አለ። ለመሙላት ባሩድ ያስፈልጋል፤ ለባሩዱ ሌላ ፈቃድ፣ ለሌላው ፈቃድ ሌላ ኮርስ፣ ለኮርሱም አምት ከሚባለው የመንግሥት ቢሮ ወረቀት ያስፈልጋል። ባዶ ቀልሃ ለመከርከም ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ የባሩዱን ፈቃድ እየጠበቀ ሦስት ዓመት ሙሉ ከረከመ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቀልሃ ጥይቱ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የናስ ቀፎ ነው። ሲተኮስ ይለጠጥና ቁመቱ ይጨምራል አሉ፤ እንደገና እንዲሞላ የረዘመው አፉ መላጨት አለበት። ጌታነህ የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እጀታ ያላት ትንሽ ማሽን አስሮ፣ ቀልሃውን አስገብቶ ክርር ያደርጋል። ያወጣል፣ ይለካል፣ መነጽሩን ከፍ ያደርጋል፣ ደግሞ ይለካል። «ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ረዝሟል» ይለኛል፣ መርዶ እንደሰማ ሰው ፊቱን አጨማዶ። ልብ በሉልኝ፣ ይህ ሰው በገዛ ሰርጉ ሁለት ሰዓት አርፍዶ የመጣ ሙሽራ ነው።

የናሱ ብናኝ ያልገባበት ቦታ አልነበረም። ምንጣፉ ያብረቀርቃል። አንድ ቀን ሽሮዬ ላይ ወርቅ የመሰለ ነገር አይቼ ቀና ብል አስካለ ታየኛለች። እኔም በላሁት።

አሁን ስለ ቁልፉ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። በዚህ አገር ሕግ የካዝናው ቁልፍ የት እንዳለ ከባለ ፈቃዱ በቀር ማንም ማወቅ የለበትም፤ አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሚስትም ብትሆን። ካወቀች ፈቃዱ ይነጠቃል፤ የተነጠቀ ሰው ደግሞ ባሩድ በሕልሙም አያይም። ጌታነህ ይህን እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ቦታ ቀያይሯል፤ ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም። «አስካለ ቤቱን ብትገለብጥ አታገኘውም» ይለኝ ነበር ደረቱን ነፍቶ። ቤቱን በየሳምንቱ የምትገለብጠው እሷ መሆኗን ያሰበው አይመስለኝም።

ባለፈው መስከረም አንድ ሐሙስ ጠዋት እነሱ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ጌታነህ ዳቦ ሊገዛ ወርዷል። በሩ ተደወለ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት፣ መታወቂያቸውን አንጠልጥለው። የመሣሪያ አያያዝ ሊያዩ የመጡ ናቸው። ጥርስ ለማስነቀል እንኳ የሦስት ወር ቀጠሮ፣ ቴርሚን የሚሉት፣ በሚያዝበት አገር ያለ ቴርሚን የሚመጡት ሞትና እነዚህ ብቻ ናቸው።

«ባለቤቴ አሁን ይመጣል» አለች አስካለ በዚያ ባማረ ጀርመንኛዋ። ሰውዬው ባለ ፈቃዱ ከሌለ ሌላ ቀን እንመለሳለን አለ። «እንግዳማ ከደጄ አይመለስም» አለችና አስገብታ አስቀመጠቻቸው። ቀጥላ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ የቁም ሣጥኑ ሲከፈት ይሰማኛል። የጌታነህን የሰርግ ኮት በክንዷ አንጠልጥላ ተመለሰች፤ ቦርጭ ካወጣ ጀምሮ ማንም የማይነካውን ኮት። ከውስጥ ኪሱ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ የተከረከሙት ቀልሃዎች አጠገብ አስቀመጠችላቸው።

ሁለቱ ተያዩ። ሴቲቱ ጻፈች። ካዝናው ሲከፈት ጠመንጃው እንደ ሕጉ ጸድቶ፣ እንደ ሕጉ ቆሟል፤ አንድ እንከን የለበትም። ሻይ ጠጡ ብትላቸው ሥራ ላይ ነን ብለው እንቢ አሉ። ጌታነህ ዳቦውን አቅፎ ሲገባ ኮቱን አየ፣ ቁልፉን አየ፣ የሴቲቱን እስክሪብቶ አየ። ዳቦውን እንዳቀፈ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ያን ቀን አሳዘነኝ፣ አልዋሽም። ሰው በማይረባ ነገርም ቢሆን ልቡ ሲሰበር ድምፁ ያው ነው።

ደብዳቤው ብዙ አልቆየም። ፈቃዱ ተነጥቋል፣ ጠመንጃው ለሌላ ባለ ፈቃድ ይተላለፍ፣ የባሩዱም ማመልከቻ ውድቅ ነው ይላል። ጌታነህ ይግባኝ አለ። አንድ መውጫ ቀዳዳም አገኘ። አስካለ ቁልፉን ያገኘችው የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ኮቱን ልታናፍስ ስታወጣው፣ በአጋጣሚ ነው ይላል። ለዚህም ምስክር ይኖረዋል፤ ምስክሩም በዐይኑ ያየ፣ የታመነ፣ አርባ ዓመት ግብር የከፈለ ሰው ነው። እኔን ማለቱ ነው።

«ጻፍልኝና በቀጥታ ላክላቸው» አለኝ። «አንድ ቃል ናት። በአጋጣሚ በል ብቻ።»

ጻፍኩ። ወረቀት ላይ ያልሆነውን ሆነ ማለት ለእኔ አዲስ አይደለም። ጀርመንኛዬ ግን እንደ ልቤ አይደለም። እኛ ሰፈር አምት የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው፤ አስካለ ጠበቃ ቢሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ስለ እሷ የጻፍኩትን ደብዳቤ ለእሷ ላሳርም ወሰድኩላት። ጌታነህ ፌራይኑ ጋ ሄዶ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። አንቀጹን ሁሉ አስተካከለች፣ ነጠላ ሰረዙን አስገባች፣ ሰላምታውን አሳመረች። ከዚያ አንዲት ቃል ላይ ደርሳ በደንብ አድርጋ ሰረዘቻት። በአጋጣሚ የምትለዋን።

«ምነው፣ ተሳሳትኩ?» አልኳት።

«ሰይፉ፣ የፈቃዱን ማመልከቻ ማን የሞላለት ይመስልሃል? ቁልፉን ሌላ ሰው ቢያውቀው ፈቃዱ ይነጠቃል የሚለው ሥር ጣቴን አስቀምጬ፣ እዚህ ጋ ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ። «ልጄ መሣሪያ ያለበት ቤት ልጇን ይዛ አትመጣም። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሞላት፤ የማያት በስልክ ነው። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ የሚሰማኝ መስሎሃል? እሱ የሚሰማው የአምት ደብዳቤ ብቻ ነው።»

ምን ትላላችሁ? ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። በርገር ሽትራሰ ላይ አንድ የፖስታ ሣጥን አለፍኩ፣ ሌላም አለፍኩ።

ጠመንጃው ከቤት ስለወጣ የልጅ ልጅቷ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጠረጴዛው ለእሷ ስለተለቀቀ ጌታነህ ማሽኑን ወደ ኬለር፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ አውርዶ እዚያ ይከረክማል፤ ፈቃዱ ሲመለስ ሁሉም ነገር ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቅ። ባየኝ ቁጥር «ምስክርነትህን ልከሃል አይደል?» ይለኛል። ልኬያለሁ እለዋለሁ። «ታዲያ ምነው እስካሁን መልስ የለም?» ይላል።

የጀርመን አምት ታውቀው የለ፣ ቀርፋፋ ነው እለዋለሁ። ያመነኛል።