ዝም ብለው የሚጠይቁ ሰዎች

በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ዝም የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ጅማ አይቻለሁ። የቡድሃን ትምህርት መነሻ አድርገው፣ ሐኪም «ወደ ቤት ውሰዱት» ያለውን በሽተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚያስታምሙ በጎ አድራጊዎች ናቸው። መሪያቸው ሲስተር ሰላማዊት ቁስል ታጥባለች፣ ማስታገሻ ትሰጣለች፣ ከዚያ የበሽተኛውን እጅ ይዛ ዝም ትላለች። ብርቱካን ይዘን እየገባን «ኢንሻአላህ ነገ ይነሳሉ» የምንለው እኛስ ምን እንሁን?

ባለፈው ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ የቡና ነጋዴው አባ መጫ ቤት ከባልደረቦቿ ጋር እንዲሁ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጠያቂ ሞልቶበት ድምፅ የጠፋበት የበሽተኛ ቤት ለጎረቤት ምን ማለት ነው? ኡኡታው ቀለጠ፤ የእድሩ ድንኳን ግቢ ገባ።

አባ መጫ ዓይናቸውን ገለጡ። «ማን ሞተ?»

ሲስተር በሀፍረት ቀላች። «ይቅርታ አባ፣ ከእንግዲህ እያወራን እንጠይቅዎታለን።»

«ዲሲ፣ ተዪው ልጄ» አሉ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅለው፣ እጇን ሳይለቁ። «ነገ ይነሳሉ ብለሽ ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እኔ በሩ ላይ ብርቱካኔን ታቅፌ ቆሜ ነበር። አፌ ላይ የደረሰውን «ኢንሻአላህ» ዋጥኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።